ጀርባቸውን የሰጡን እንግዶች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ቆይቼ ጣሪያውን ስመለከት፣ በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁትና ከአእምሮዬ ያልወጣው የማርክ ሻጋል «አብርሃምና ሦስቱ መላእክት» ትዝ አለኝ። እኛ ጎንደሮች መልአክን የምናውቀው በፊቱ ነው፤ በአግዳሚ እንጨቶቹ መካከል የተደረደሩት ክንፋም ፊቶች በትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ያዩናል። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ሲሣል ኃጥእ አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ ይሣላልና፣ በዚህ ልማድ ያደገ ሰው የሻጋልን ሥዕል ሲያይ መደንገጡ አይቀርም፦ እሳት በመሰለ ቀይ መደብ ላይ ሦስቱ እንግዶች ነጫጭ ክንፎቻቸውን ይዘው ማዕድ ቀርበዋል፤ ለእኛ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

ሻጋል በ1887 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ በቪቴብስክ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አሳታሚው አምብሯዝ ቮላር የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎችን እንዲሠራለት ካዘዘው በኋላ በ1931 ወደ ፍልስጥኤም ተጓዘ፤ 105ቱ የኅትመት ሥዕሎች በመጽሐፍ የወጡት ግን በ1956 ነው። ይህ የአብርሃም ሥዕል የሚገኘው በፈረንሳይ፣ በኒስ ከተማ፣ ሠዓሊው በሕይወት ሳለ በ1973 በተከፈተው ቤተ መዘክር ሲሆን፣ ከኦሪት ዘፍጥረት፣ ከኦሪት ዘጸአትና ከመኃልየ መኃልይ ከተሣሉት 17 ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጥሬው ነበር። ለእኛ ወደ አብርሃም ድንኳን የገቡት ሥላሴ ናቸው፤ ከመቅደሱ በር በላይም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሦስት አረጋውያን ሆነው፣ ከበታቻቸው ስቅለቱ ተሥሎ፣ ፊት ለፊት ያዩናል። የሩሲያው አንድሬ ሩብሊዮቭም በዝነኛ ሥዕሉ ሦስቱን በማዕድ ዙሪያ ሲያስቀምጥ ፊታቸውን አልደበቀም። ለሻጋል ግን መልእክተኞች ናቸው። እያደር ሳስበው፣ እኛን ያቆመን ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ይዤ እቆምበት በነበረው ቦታ መሰለኝ፤ ከዚያ ሆኜ የማየው የእንግዶቹን ትከሻና የነጠላቸውን ጥለት ብቻ ነበር፤ ምን ይዘው እንደመጡ የማውቀው ከአባቴ ፊት ነው።

እነዚህ እንግዶች ደግሞ ሁለት ነገር ይዘው ነው የመጡት፤ ለሣራ የልጅ ተስፋ፣ ለሰዶም ጥፋት። ፊታቸው ስለማይታይ የትኛውን አስቀድመው እንደሚናገሩ አይታወቅም። ሻጋል ከላይ በስተቀኝ በክብ ውስጥ ከማዕዱ በኋላ ያለውን አሳይቷል፤ አብርሃም እንግዶቹን ወደ ሰዶም መንገድ እየሸኘ ነው። ኦሪት እንደሚነግረን በዚሁ ሽኝት ላይ ስለ ከተማዪቱ ይለምናል፤ ከአምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር።