ሞንጎልን በሰዓት መጫወት፦ ከመጀመሪያው ከርከሮ እስከ ማንጉዳይ

በስልት ቪዲዮ ጨዋታው በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ሞንጎልን ይዞ የሚሸነፍ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ጦር ሜዳ ላይ ሳይሆን ሰዓት ላይ ነው። የሞንጎል አዳኞች ከሌላው ሕዝብ አዳኝ 40 በመቶ ፈጥነው ይሠራሉ። ካርታው ላይ ያለው ከርከሮና አጋዘን ሲያልቅ ግን ጥቅሙም አብሮ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እርሻው፣ እንጨቱ፣ ወርቁ እንደማንም ነው። ስለዚህ ልምምዱ ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ በአደን የተገኘችው ትርፍ ደቂቃ ከመባከኗ በፊት ወደ ምን ትቀየር?

ይህ ማስታወሻ ጨዋታውን ለሚያውቁ፣ ሞንጎልን ግን ገና እየተለማመዱ ላሉ ነው። የተለመደው መነሻ፣ ማለትም 3 ሠራተኛ፣ 1 ስካውት (ቃኚ ፈረሰኛ)፣ 200 ምግብ፣ 200 እንጨት፣ 100 ወርቅና 200 ድንጋይ፣ ክፍት ካርታ ላይ ታሳቢ ተደርጓል።

እስከ 6:40

መጀመሪያ ሒሳቡን እንያዝ። አንድ ሠራተኛ በ25 ሰከንድ ይወለዳል፣ ሉምም (ሠራተኛን የሚያጠነክር ማሻሻያ) 25 ሰከንድ ይፈጃል። ብዙ ሰው በሌላ ሕዝብ የስካውት ጥቃት ሲያዘጋጅ በ21 ነፍስ (ስካውቱን ጨምሮ) ፊውዳልን፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ዘመን የሚያሳልፈውን፣ ይጫናል። ይህም 17 አዲስ ሠራተኛና ሉም ነው፤ ታውን ሴንተሩ (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋናው ሕንፃ) አንዲት ሰከንድ ሳይቆም ከሠራ 7:30 ይሆናል። በሞንጎል በ19 ነፍስ መጫን ይቻላል፦ 15 አዲስ ሠራተኛና ሉም፣ 6:40። ፊውዳል 130 ሰከንድ ስለሚወስድ 8:50 ላይ ትገባላችሁ። ባላጋራችሁ 9:40 ላይ ሲደርስ እናንተ ቀድማችሁ ገብታችኋል ማለት ነው። ያቺ 50 ሰከንድ ናት ጠቅላላ ትርፉ።

አደላደሉ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሠራተኞች በግ ላይ። ከ7ኛው እስከ 10ኛው እንጨት ላይ። 8ኛው ሲወለድ (2:05 ገደማ) ከበጎቹ አንዱን ሠራተኛ አውጥታችሁ ወደ መጀመሪያው ከርከሮ ላኩት። ከ11ኛው እስከ 14ኛው ታውን ሴንተሩ ሥር አደን ላይ፤ ከእነሱ አንዱ በመንገዱ ሦስተኛውን ቤት ይሠራል። ከ15ኛው እስከ 18ኛው እንደገና እንጨት። ስትጫኑ 10 ምግብ ላይ፣ 8 እንጨት ላይ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ቤት እጅግ ይረሳል። ታውን ሴንተሩና ሁለት ቤቶች የሚይዙት 15 ነፍስ ነው፣ 15 የምትሞሉትም 4:35 ላይ ነው። ቤት ለመሥራት አንድ ሠራተኛ 25 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ መዶሻው ቢዘገይ ቢዘገይ 4:05 ላይ መነሳት አለበት። እዚህ ላይ 20 ሰከንድ የቆመ ታውን ሴንተር ከዚያች 50 ሰከንድ ትርፍ ግማሹን ያህል በልቶታል።

ከርከሮው 340 ምግብ አለው። ሞንጎል ፈጥኖ ስለሚበላው ሁለተኛውን ለማምጣት የምትነሱበት ጊዜም መፍጠን አለበት። በሌላ ሕዝብ መጀመሪያው ላይ 130 ያህል ምግብ ሲቀር መሄድ ይበቃል፤ በሞንጎል 200 ሲቀር ሂዱ። 7 አዳኝ በሰከንድ ወደ 4 ምግብ ስለሚያወጣ 200 የሚያቆየው 50 ሰከንድ ነው፣ ከርከሮ ለማምጣትም ያን ያህል ይፈጃል። ዘግይታችሁ ስትሄዱ ሰባቱም ወደ በግ ይመለሳሉ፤ በግ ላይ ደግሞ 40 በመቶው አይሠራም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማምጣትም አይበጅም፤ የታረደ ሥጋ መሬት ላይ በቆየ ቁጥር ይበሰብሳል።

ከርከሮ የሚያመጣው ሠራተኛ ሉም ገና አልተሠራለትም፣ ጥቂት ምት ይገድለዋል። ከርከሮው ዞሮ ሲመጣ ካያችሁ በኋላ ቆሞ መምታት የለም፤ ቀጥታ ወደ ታውን ሴንተር ይሮጥ። ሊደርስበት ከቀረበ ውስጥ አስገቡትና ሌሎቹ ይምቱት። የቆሰለ ሠራተኛ ለሁለተኛው ከርከሮ አይላክም።

አጋዘኑ ነው ብዙ ሰው የሚተወው። አንዱ 140 ምግብ አለው፣ በተለመደው ካርታ ሦስት ወይም አራት በአቅራቢያ ይገኛል። ስካውቱ በጎቹን ሰብስቦ፣ የባላጋራን ሠፈር አንዴ ቃኝቶ ሲጨርስ ከአጋዘኑ ጀርባ ይቁም። አጋዘን ከስካውቱ በተቃራኒ ይሸሻል፤ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋችሁ ወደ ታውን ሴንተሩ ንዱት። በቀጥታ ከኋላው እንጂ ከጎን አትምጡበት፣ ጫካ ውስጥ ከገባ 30 ሰከንድ ጠፋ። በሁለቱ ከርከሮ 680 ምግብ ብቻ ስለሚገኝ፣ ሁለት አጋዘን ካልመጣ 6:40 ላይ ለፊውዳል የሚከፈለው 500 ምግብ ላይሞላ ይችላል። ሦስተኛውና አራተኛው ከመጡ ደግሞ ለስካውቶቹ ምግብ ይሆናሉ፣ እርሻውም ለአንድ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በ17 ወይም በ18 ለመጫን የሚሞክሩ አሉ። መጫኑ ይቻላል፤ የሚጎድለው እንጨቱ ነው። ወደ ፊውዳል እየሄዳችሁ ለጦር ሰፈር 175፣ እንደገባችሁ ለጋጣ ሌላ 175 ያስፈልጋል። ቀድሞ ደርሶ ጋጣ የሌለው ሞንጎል ዘግይቶ የደረሰ ነው።

ስካውት፣ ከዚያም ዝም ማለት

ከአንድ ጋጣ ሳይቋረጥ ስካውት ለማውጣት (80 ምግብ፣ በ30 ሰከንድ) እና ታውን ሴንተሩም እንዲቀጥል በደቂቃ 280 ምግብ ይፈለጋል። ይህ በእርሻ ወደ 15 ገበሬ ይጠይቃል። በሞንጎል አዳኝ 9 ያህል ይበቃሉ፣ ግን ሥጋው እስካለ ብቻ። ስለዚህ ስካውቱ እየወጣ በእያንዳንዱ 60 እንጨት አንድ እርሻ ይተከል፣ ሆርስ ኮላርም (የእርሻ ማሻሻያ) አይዘንጋ። አጋዘኑ ሲያልቅ 7 ወይም 8 እርሻ ያልተዘረጋለት ሰው ስካውቱም ሠራተኛውም አንድ ላይ ይቆሙበታል። ይህ በጨዋታ ቅጂዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው፤ ተጫዋቹ ውጊያ ላይ አተኩሮ ስለነበር የቆመበትን ደቂቃ እንኳ አያስታውሰውም።

የስካውት ብዛት 4 ወይም 5 ይበቃል። የሞንጎል ቀላል ፈረሰኞች የሚያገኙት ተጨማሪ ሕይወት የሚጀምረው ከካስል ዘመን ነው፤ የፊውዳል ስካውታችሁ ከማንም አይበልጥም። ዒላማው እንጨት ቆራጮችና እንጆሪ ለቃሚዎች ናቸው። ጦር የያዘ እግረኛ ፈረስ ላይ ከባድ ጉዳት ስላለው ሁለት ሆነው ሲመጡ መሸሽ ነው እንጂ መከራከር የለም። ሦስት ሠራተኛ ገድሎ ሁሉንም ስካውት ከማጣት፣ ማንንም ሳይገድሉ ስድስቱን ለአንድ ደቂቃ ከሥራ ማስቆም ይሻላል።

ከዚህ በኋላ በጥቃቱ አትግፉ። ጋጣና አንጥረኛ ቤት (150 እንጨት) ካላችሁ ወደ ካስል ዘመን መጫን ይቻላል፦ 800 ምግብ፣ 200 ወርቅ፣ 160 ሰከንድ።

ማንጉዳይ፦ ወጪውና አያያዙ

ማንጉዳይ (የሞንጎል ልዩ ቀስተኛ ፈረሰኛ) ከካስል (ከግንቡ) ብቻ ይወጣል፣ ካስል 650 ድንጋይ ነው። 200 በእጃችሁ ስላለ 450 ይቀራል። 6 ሰው ድንጋይ ላይ ብታስቀምጡ 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ድንጋይ መቆፈር የሚጀመረው ገና ፊውዳል ላይ ሳላችሁ፣ ወደ ካስል ዘመን ከመጫናችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ካስል በአንድ ሰው 200 ሰከንድ፣ በ8 ሰው 60 ሰከንድ ይቆማል። ድንጋይ ላይ የነበሩትን ስድስቱንና ሁለት እንጨት ቆራጭ ውሰዱ። የመጀመሪያውን ካስል ጠላት ደጃፍ ላይ መትከል ያጓጓል፤ ለሞንጎል ግን የራስ ወርቅ አጠገብ ይሻላል፣ ምክንያቱም የምትሸሹበት ቦታ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ማንጉዳይ 55 እንጨትና 65 ወርቅ ነው፣ 26 ሰከንድ ይፈጃል። አንድን ካስል ሳይቆም ለማስኬድ ለእሱ ብቻ 7 ሰው ወርቅ ላይ፣ 5 ሰው እንጨት ላይ ይቀመጣል። ሁለት ካስል ካላችሁ እጥፍ። ይህን ሳይሠሩ ሁለተኛ ካስል የሚሠሩ አሉ፤ ሁለቱም ግማሽ ቀን ባዶ ይቆማሉ።

ማሻሻያዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምመክረው፦ ፍሌቺንግ (የቀስት ማሻሻያ)፣ ብለድላይንስ (150 ምግብና 100 ወርቅ፣ 20 ሕይወት ይጨምራል)፣ ቦድኪን (ሁለተኛው የቀስት ማሻሻያ)፣ ከዚያ ባሊስቲክስ። ባሊስቲክስ የሌለው ማንጉዳይ የሚሸሽ ፈረሰኛ ባለፈበት ቦታ ላይ ነው ቀስቱን የሚጥለው። ተምብ ሪንግ (ለተኩስ) እና ሀዝባንድሪ (ለፈረስ ፍጥነት) ቀጥለው ይመጣሉ። ኤሊት ማንጉዳይ በኢምፔሪያል (በመጨረሻው ዘመን) 1100 ምግብና 675 ወርቅ ስለሚጠይቅ ቢያንስ 15 ማንጉዳይ በእጅ ሳይኖር አይጫን፤ በዚያ ገንዘብ አሥር አዲስ ይወጣል።

አሁን ወደ እጁ፣ ወደ አያያዙ። በ1223 በካልካ ወንዝ የሞንጎል ጦር መሪዎቹ ጀቤና ሱቡታይ የሩስ መሳፍንትንና የኪፕቻክን ጦር ለቀናት እየሸሹ አስከተሉት፤ ተከታዩ ጦር በረዥም መስመር ተበታትኖ ሲደርስ ዞረው ሰባበሩት። ጨዋታው ውስጥም የሚሠራው ይኸው ነው። ማንጉዳይ ቀስቱን ቶሎ ይለቃል። ተኩሱ ከእጁ ሲወጣ ወዲያው ወደ ኋላ ጠቅ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ዞሮ አንዱን ዒላማ ጠቅ። ፈረሰኛ ሲከተል ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ እነሱን አንድ በአንድ ትለቅማላችሁ። የሚሸሹት ወደ ካስላችሁ ነው፤ ተከታዩ በካስሉ ቀስት ሥር ሲገባ ሒሳቡ ተዘጋ።

ስህተቱ የሚፈጠረው ቀስቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላ ጠቅ ሲደረግ ነው፤ ፈረሱ ይሮጣል፣ ማንም አይጎዳም። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ስትጫወቱ መዘግየቱ ይህን ያባብሰዋል፣ ስለዚህ ጠቅታውን ዓይናችሁ የሚያየውን ሳይሆን ምቱን ቆጥራችሁ አድርጉት። ከ20 በላይ ሲሆኑ በሁለት ቁጥር (1 እና 2) መክፈል ይሻላል፤ አንደኛው ሲሸሽ ሁለተኛው ከጎን ይተኩሳል።

ኦናገር (ድንጋይ ወርዋሪ ከበባ መሣሪያ) ሲመጣ አሰላለፉን ለሁለት ወደሚከፈለው ቀይሩ፣ ድንጋዩ መሐል ባዶ መሬት ላይ ይወድቃል። ማንጉዳይ ከበባ መሣሪያ ላይ ተጨማሪ ጉዳት ስላለው ከዚያ መልሳችሁ ኦናገሩን ትገድሉታላችሁ። ይህ ከሌላው ቀስተኛ ፈረሰኛ የሚለየው ትልቁ ነገር ነው።

የሚያሸንፈው ማነው? የስከርሚሸር (ቀስተኛን የሚያሸንፍ ጦር ወርዋሪ እግረኛ) መንጋ። 25 ምግብና 35 እንጨት ብቻ ነው፣ ወርቅ አይነካም፣ ቀስትም ብዙ አይጎዳውም። 30 ስከርሚሸር ካያችሁ ማንጉዳይ መጨመር አቁሙና ሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ) አውጡ። ሁሳር ምግብ ብቻ ይበላል፣ በኢምፔሪያል የሞንጎሉ ሁሳር 30 በመቶ ተጨማሪ ሕይወት አለው፤ 75 የነበረው 97 ገደማ ይሆናል፣ ብለድላይንስ ሳይቆጠር። ማንጉዳዩ ከኋላ ሆኖ ሁሳሩን ለመያዝ የሚመጡትን ጦር ያዦች ይለቅማል። የራሳችሁ ማንጉዳይ ስከርሚሸር ላይ ቢተኩስ ወርቅ ማቃጠል ነው።

ግንብ መስበር

ማንጉዳይ ሕንፃ ላይ ምንም አቅም የለውም። ሠራተኛ ገድሎ፣ እርሻ አስለቅቆ፣ ጠላት ካስሉ ውስጥ ሲዘጋ ጨዋታው ይቆማል፤ ባላጋራችሁ በዚያ ጊዜ ስከርሚሸሩን ይሞላል። መፍትሔው ድሪል የተባለው ማሻሻያ ነው፣ 500 እንጨትና 450 ወርቅ። የከበባ መሣሪያ ቤት ያወጣው ሁሉ 50 በመቶ ይፈጥናል። ሲጅ ራም (ግንብ መደርመሻ) ከድሪል ጋር ሲሆን ጠላት ጠግኖ ሳይጨርስ ሁለተኛው ካስል ሥር ደርሷል። 5 ወይም 6 ራም፣ 20 ማንጉዳይ፣ የቀረው ሁሳር ይሁን። ራሙን የሚመታ እግረኛና ፈረሰኛ ነው፣ እነዚያን ማንጉዳዩ ይጠብቃል።

ሲጅ ኦናገርም አላችሁ፣ በድሪል ሲፈጥን ያስፈራል። ግን የራስን ሰው ይመታል፤ ሁሳሮቻችሁ ከፊቱ እየተዋጉ እንዲተኩስ አትተዉት። ጫካ ቆርጦ መንገድ ለመክፈት ከሆነ ግን ወደር የለውም።

በሞንጎል ፈንታ ሌላውን የጨዋታው ሕዝብ፣ ሁኖችን፣ ለሚመርጡ አንድ ነገር ብቻ፦ ቤት አያስፈልጋቸውም፣ እስከ 200 ነፍስ ድረስ ወደ 975 እንጨት ይተርፋል፣ ሲጀምሩ ግን 100 እንጨት ይጎድላቸዋል። ትርፉ በጨዋታው ሁሉ ላይ ተሰራጭቶ ይመጣል እንጂ እንደ ሞንጎል በመጀመሪያዎቹ 9 ደቂቃ አይከማችም። ስለዚህ ከላይ ያለውን የ19 ነፍስ አደላደል ለሁን አትጠቀሙበት፤ አደናቸው ቀርፋፋ ነውና 500ው አይሞላም።

ለልምምድ የሚረዳው ከኮምፒውተሩ ጋር ባዶ ጨዋታ ከፍቶ 8:50 ላይ ማቆም ነው። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የተጫናችሁበትን ሰዓት፣ ያመጣችሁትን አጋዘን ብዛት፣ ታውን ሴንተሩ የቆመበትን ሰከንድ። 6:40 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ ወደ ማንጉዳዩ እጅ ይታለፋል፤ ለእሱ ደግሞ 10 ማንጉዳይ በ10 ናይት (ከባድ ፈረሰኛ) ላይ አንድም ሳይሞት እስኪያልቅ።