ባልፈርምስ?

የአክስቴ ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ከደመወዟ ኪራይና ምግብ ሲነሳ ለእናቷ የምትልከው ነገር አይተርፋትም። "ታዲያ የሥራ ውሉን ለምን ፈረምሽ?" አልኳት (ምን ዓይነት ሞኝ ጥያቄ ነው!)። "ባልፈርምስ?" አለችኝ።

ግራዎቹ ስለ ካፒታሊዝም ከሚሉት ሁሉ ለእኔ የሚዋጥልኝ ይሄ ነው። ሁለት ነፃ ሰዎች ተስማምተው ተፈራረሙ ይባላል፤ አንደኛው ግን ፋብሪካ አለው፣ ሌላዋ ያላት እጇ ብቻ ነው፣ ነገም መብላት አለባት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ዓመቱ!

መፍትሔው ላይ ግን "አንድ አብዮት ሁሉን ይፈታል" ከሚሉ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ተማሪዎቹ በ1957 "መሬት ላራሹ" ብለው ሲወጡ እውነት ይዘው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ ይህን የሚያጣጥል ካለ ለባለመሬት ሲገብር የኖረውን አያቴን ይጠይቅ። ደርግ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1966 ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የጠራውን የሠራተኞች ማኅበር አፈረሰው። በሠራተኛው ስም እየማለ!

ልጅቷ አሁን ማኅበር ለማቋቋም ከዕቁብ ጓደኞቿ ጀምራ ሰው እያሰባሰበች ነው። ሕጉ 10 ሠራተኛ ካለበት ድርጅት ጀምሮ ይፈቅዳል። ፋብሪካው ውስጥ ስንት መቶ ሰው አለ፤ ስማቸውን ለመስጠት የደፈሩት ግን እስካሁን ሰባት ናቸው።