ክንፉ እኮ ጠፍጣፋ ነው!

"ቲቸር፣ የእኔ አውሮፕላን ክንፍ እኮ ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ ለምን በረረ?"

ይህን የጠየቀችኝ የ10 ዓመት ልጅ ናት። የሳይንስ ክበባችን ስለ በረራ መሥራት የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ያን ቀን የክንፍ ሥዕል ስዬ፣ ብዙዎቻችን የተማርነውን ነገርኳቸው። የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከላይ የሚያልፈው አየር ረጅም መንገድ አለበት፣ ከታች ካለው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፣ ክንፉም የሚነሳው በዚህ ነው አልኳቸው። እሷ እጇ ላይ ያለውን የወረቀት አውሮፕላን አየችና ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። "አጣርቼ እነግራችኋለሁ" አልኩ።

ሳጣራ ያስተማርኩት ስህተት ሆኖ አገኘሁት። ከላይና ከታች የሚያልፈው አየር እኩል እንዲደርስ የሚያስገድደው ነገር የለም። እንዲያውም ከላይ የሚያልፈው ቀድሞ ይደርሳል። ክንፍ የሚነሳው አየሩን ወደ ታች ስለሚመልሰው ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ጠፍጣፋ ክንፍም ይበቃል፣ ፊቱ ትንሽ ቀና ካለ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ስህተቴን ነገርኳቸው። ከዚያ ሰሌዳውን ትቼ መከለያ ያለው ማራገቢያ አመጣሁ። እያንዳንዱ ልጅ ደብተር የሚያህል ካርቶን ይዞ ነፋሱ ፊት ቆመ። ካርቶኑን አግድም ሲይዙት ምንም የለም። የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ቀና ሲያደርጉት እጃቸው ሽቅብ ይሄዳል። በጣም ሲያቀኑት ደግሞ ማንሳቱን ይተውና ወደ ኋላ ብቻ ይገፋቸዋል። በኋላው ጠርዝ ላይ ክር ለጠፍን። ካርቶኑ ቀና ባለ ቁጥር ክሩ ቁልቁል ይሄዳል። አየሩ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው አዩት። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ወደ ወረቀት አውሮፕላኑ ስንመለስ ሌላ ችግር መጣ። ልጆቹ አፍንጫውን፣ ክንፉንና ጭራውን በአንድ ጊዜ ይቀያይራሉ። አውሮፕላኑ ሲሻሻል በምን እንደተሻሻለ አያውቁም። ስለዚህ ሕግ አወጣን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ከመወርወር በፊት ግምት ይጻፋል። 5 ጊዜ ይወረወርና በርዝመት መካከለኛው ይመዘገባል። አንድ ውርወራ ያታልላል፣ የእጅ ጉልበትም ይለያያል።

አንድ ልጅ አውሮፕላኑ በአፍንጫው እየተተከለበት ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። የሁለቱን ክንፎች የኋላ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ እንዲያጥፍ ነገርኩት። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሄደለት። የሌላዋ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ቀጥ ካለ በኋላ ይወድቅ ነበር። አፍንጫው ላይ አንድ የወረቀት ክሊፕ ስትሰካበት ተስተካከለ። ያንኑ ክሊፕ ጭራው ላይ አድርጊው ስላት ወዲያው ተገለበጠ። አንድ ኤ4 ወረቀት የሚመዝነው 5 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ የአንድ ክሊፕ ክብደት ብዙ ነገር ይቀይራል።

ስለ ጥንቃቄም ልንገራችሁ። የአፍንጫውን ሹል ጫፍ አጥፉት። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በምልክት ይወርውር። ለማንሳትም አብረው ይሂዱ። የፊኛ ሮኬትም ሞክረናል። ልጆቹ በጣም ወደዱት፣ ግን ክንፍ ስለሌለው ሐሳባቸውን በተነው። ለብቻው ቀን ቢሰጠው ይሻላል።

በሞተር የሚበር አውሮፕላን በመሥራት የሚታወቁትን የራይት ወንድማማቾችን ታሪክ ያቆየሁት ልጆቹ መመዝገብ እስኪሰለቻቸው ነው። ወንድማማቾቹ በ1901 እ.ኤ.አ. የነፋስ ዋሻ፣ ማለትም ነፋስ እየነፉበት ክንፍ የሚፈትሹበት ሣጥን፣ ሠርተው 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን ፈትሸዋል። በ1903 የመጀመሪያ በረራቸው 12 ሰከንድ ቆየ፣ 36 ሜትር ያህል ሄደ። ሜዳ ላይ 36 ሜትር በሲባጎ ለካን። "ይቺን ብቻ?" አሉ። ከዚያ ዳር እስከ ዳር ተራመዱት። ስለ መመዝገብ ከዚያ በኋላ ማንም አላጉረመረመም።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ልጅ ጎበጥ ያለ ካርቶን ይዛ መጣች። ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላን አይታ ኖሯል። ካርቶኑን ገልብጣ ማራገቢያው ፊት ያዘችው። መጀመሪያ እጇን ወደ ታች ሳበው። የፊቱን ጠርዝ ቀና ስታደርገው ግን ተነሳ። ደብተሯን ሳየው ግምቷን ቀድማ ጽፋዋለች።