ግድግዳው ጠርቶ ሰዎቹ የፈዘዙበት ጥቅልል

ደንበኛዬ ሁለት ኢኮንታ ይዘው መጡ። ሁለቱም የጀርመኑ ዛይስ ኢኮን ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራቸው፣ በ120 ፊልም ላይ ስምንት ባለ 6×9 ሴንቲ ሜትር ፎቶ የሚያነሡ ተጣጣፊ ካሜራዎች ናቸው። አንደኛው የአባታቸው ነበር። አካሉ ጠንካራ ነው፣ ሌንሱን ከአካሉ የሚያገናኘው እጥፍጥፍ ከረጢት፣ ቤሎውሱም፣ ብርሃን አያስገባም፤ ሌንሱ ግን ተበላሽቷል። ዓይነቱ ቴሳር የሚባለው ሲሆን አራት መስታወት አለው፤ የኋላዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። የእሳቸው ቴሳር ማጣበቂያው ለቆ ዳር ዳሩ ቀስተ ደመና መስሏል። ሁለተኛውን ለመለዋወጫ ብለው የገዙት ነው፤ ሌንሱ ንጹሕ ሆኖ ቤሎውሱ ወንፊት ሆኗል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ሳበራበት በየእጥፋቱ ብርሃን ፈሰሰ።

«ልጄ፣ የአባቴ ካሜራ እንደገና ያንሣልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም» አሉኝ።

በሁለቱም ሌንሶች ላይ 105 ሚሊ ሜትር (የትኩረት ርዝመቱ)፣ ኤፍ 4.5 (ሙሉ ሲከፈት የቀዳዳው ልክ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠብባል) ተብሎ ተቀርጿል፤ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ሸተራቸውም ኮምፑር የሚባለው ነው። እንዲህ ሲሆን የተበላሸውን የኋላ ክፍል ብቻ ነቅሎ የሌላውን መግጠም ያጓጓል። አላደረግኩትም፤ ዛሬም አላደርገውም። የፊቱና የኋላው ክፍል አብረው ተስተካክለው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፣ የተቀረጸው 105ም ከሌንስ ሌንስ ጥቂት ይለያያል። ስለዚህ ሸተሩን ከነሌንሱ አወጣሁና ወደ አባታቸው ካሜራ አዛወርኩት።

የቀረው ኢንፊኒቲን፣ ማለትም በጣም ሩቅ ያለ ነገር የሚጠራበትን ቦታ፣ ማስተካከል ነበር። በእነዚህ ካሜራዎች ፎከስ የሚደረገው የፊተኛውን መስታወት ብቻ በማዞር ነው፤ አካሉ ሲቀየር ከርቀት ቀለበቱ ጋር እንደገና መስማማት አለበት። መስታወቱን ለማጽዳት ስፈታ ከብሎን ጥርሱ የለቀቀበትን ቦታ በመርፌ ጭሬ ምልክት አደረግኩ፤ ጥርሱ ከአንድ በላይ መነሻ ስላለው በተሳሳተው ከገባ ነገሩ ሁሉ ይዛባል። ስመልሰው በምልክቱ ገባ። ከዚያ የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ምስሉን የሚያሳይ የደበዘዘ መስታወት አስቀመጥኩ፤ የደበዘዘው ገጽ ወደ ሌንሱ ዞሯል። ሸተሩን ክፍት አድርጌ በማጉያ እያየሁ፣ ሩቅ ያለው ምሰሶ እስኪጠራ የፊተኛውን መስታወት አዞርኩና ቀለበቱን በኢንፊኒቲ ምልክት ላይ አሰርኩት። የመሞከሪያ ፊልም አጉርሼ በቀትር ፀሐይ፣ በኤፍ 16 አነሣሁ። ሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ካሜራውን በደስታ አስረከብኩ።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ቤተሰባቸውን አመሻሽ ላይ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ሌንሱን ሙሉ ከፍተው አንሥተዋል። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ ዘረጉልኝ። «ግድግዳው ጠርቶ ሰዎቹ ለምን ፈዘዙ?»

የምመልሰው አጣሁ። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጡቡ ይቆጠራል፣ ፊቶቹ ግን ደብዝዘዋል። ወዲያው የጠረጠርኩት ሌንሱን ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታና ስገጥም፣ ምልክቴን ስቆጥር ዋልኩ። በደበዘዘው መስታወት ባየሁ ቁጥር ምሰሶው ጥርት ይላል።

አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ሌንሱን ጨርሶ አላየውም። ቁራጭ ወረቀት አንሥቶ በደበዘዘው መስታወት እና ፊልሙ በሚያርፍበት ሐዲድ መካከል አስገባ። ወረቀቱ ምንም ሳይነካ አለፈ። ሌላ ጨመረ፣ ሌላም። አምስተኛው ላይ ያዘ።

መስታወቱን በረጅሙ ቆርጬው ኖሯል። ጫፎቹ ከሐዲዱ ጥቂት ከፍ ብለው በግራና በቀኝ ባሉት ፊልሙን በሚያንሸራትቱት ሮለሮች ላይ ተንጠልጥለው ቆይተዋል። አንድ ተራ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር፣ ያስተካከልኩት ከፊልሙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ባለ ቦታ ላይ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ትንሽ አይደለም፤ ቀለበቱን ሦስት ሜትር ላይ ሲያደርጉት በትክክል የሚጠራው 3.4 ሜትር ገደማ ያለው ነገር ነው። ግድግዳቸው እዚያ ነበር። ቀለበቱ ኢንፊኒቲ ላይ ሲሆን ደግሞ በእውነት የሚጠራ ነገር የለም።

ታዲያ የእኔ ሙከራ እንዴት አለፈ? ይህን ሳሰላ ነው ይበልጥ ያዘንኩት። በኤፍ 16 ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ፊልሙ ላይ የሚያሳርፈው ነጥብ 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ ዓይን አይይዘውም። በኤፍ 4.5 ግን ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ፀሐይዋ ጥፋቴን ሸፍናልኝ ነበር ማለት ነው። የአንድን ሌንስ ፎከስ ለመፈተን በጠበበ ቀዳዳ ማንሣት ምንም አለመፈተን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ ከሸተሩ ወደ ፊት ባለው ላይ ነበር። የጥርሱን መነሻ ያህል ተጠንቅቄ ፊልሙ የት እንደሚተኛ አላየሁም።

መስታወቱን አሳጠርኩት፤ አሁን በሮለሮቹ መካከል ገብቶ ሐዲዱ ላይ ብቻ ይተኛል። ካሜራው ላይ ሳደርገው ምሰሶው ኢንፊኒቲ ላይ ፈዘዘ፣ ቀለበቱን ከኢንፊኒቲ ወደ 10 ሜትር ትንሽ ሳዞረው ጠራ፤ ልክ ስሌቱ እንዳለው። እንደገና አስተካከልኩና ስምንቱንም ፎቶ በኤፍ 4.5 አነሣሁ፤ አራቱን ሩቅ ነገር፣ አራቱን በሜትር የለካሁት ርቀት ላይ።

ደንበኛዬን ጠርቼ የሆነውን ሁሉ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጭምር ነገርኳቸው። «የቤተሰቡ ፎቶ አይመለስም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። አዲሱን ኔጋቲቭ በማጉያ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የአባታቸውን ካሜራ አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «እሑድ እንደገና እሰበስባቸዋለሁ» አሉኝ።