«ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ»

ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ የጓሮውን ጎመን አቃጥሎታል፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ጋቢ ተከናንቤ መስኮቱ ሥር ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ጋራዥ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። መካኒኩ ሁለቴ ደውሎ አላነሣሁለትም።

ቅዳሜ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ነው የሆነው። ሽንኩርት ከኋላ ጭኛለሁ፣ ከደብረ ሲና የገዛሁት ቆሎ ጎኔ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ፤ ያን ሁሉ ዳገት ነው የምንወጣው። ከዋሻው በታች ያሉት ጥምዝምዞች ላይ ነዳጅ ረገጥኩ (ነዳጅ ባይኖራትም ሌላ ስም አላወጣንለትም)፣ መኪናዋ እምቢ አለች። አልጮኸችም፣ አልተንገጫገጨችም። ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በራ፣ ፍጥነቷ ከስልሳ ወደ ሃያ አምስት ወረደ። ባትሪው 34 ከመቶ ይላል። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ፍሬቻ አብርቼ ጥግ ያዝኩ።

አጥፍቼ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፣ ጉሙ ከታች እየወጣ ነው። ሳስነሣት ኤሊዋ የለችም። ምንም እንዳልነካት ሆና ተነሣች፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ደግማ ደከመች። እንዲህ እያረፍን ዋሻውን አለፍን። ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ግን እስከ ደብረ ብርሃን አንድም ነገር አላለችም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ትንሹን 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሣም፤ ኮምፒውተሩም፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው ማብሪያም የሚሠሩት በእሱ ነው። ሲለካ 12.6 ሆነ፤ ደህና ነው። ከዚያ መካኒኩ መመርመሪያውን ሰካ። ትልቁ ባትሪ የተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች፣ ሴሎቹ፣ በሙሉ እኩል ናቸው። «እህቴ፣ ምንም የለባትም» አለኝ። ዳገት ላይ ነው የምትደክመው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ዳገት ላይ ነው ማየት» ብሎ ማሽኑን እንደሰካ ጎኔ ተቀመጠ።

በአንኮበር መንገድ አቀበት ፈልገን ሙሉ ረገጥኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል። ሌሎቹ ሴሎች 3.1 ቮልት ላይ ሲቆሙ አንዷ 2.9፣ 2.7፣ 2.6 እያለች ወረደች፤ ኤሊዋ በራች። «ያቻትና!» አለ። ሴሎቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ በእያንዳንዷ ውስጥ ማለፍ አለበት። አንዷ ስትወድቅ፣ እሷ እንዳትጎዳ ኮምፒውተሩ የመላ መኪናዋን ጉልበት ይቀንሳል። ብርድ ደግሞ ያብስባታል። እግሬን ሳነሣ ያቺ ሴል ቀስ እያለች ተመለሰች፤ 3.2፣ ከእህቶቿ እኩል።

«ቆማ ብታዪያት ጤነኛ ናት» አለኝ መካኒኩ። «ሸክም ካልያዘች አትታወቅም።»

ይህን ካለኝ ወዲህ አባዬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የመንደራችን ጊዮርጊስ ጉብታ ላይ ነው። በመጨረሻው ዓመቱ ወይራው ጋ ስንደርስ ይቆም ነበር። ዱላውን ተደግፎ ወደ ማሳው ዞሮ «ዘንድሮ ገብሱ ዛላው አምሯል» ይለኛል። ቀጥሎ «ሂጂ ልጄ፣ እደርስብሻለሁ»። እሄዳለሁ። ቅዳሴው ሳይጋመስ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ አየዋለሁ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ሐኪም ቤት ይዘነው ሄደናል። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ሲገባ ያረፈ ሰው ነው የገባው። ግፊቱን ተቀምጦ ለኩት፣ ልቡን ተቀምጦ አዳመጡት። «እንዴት ነዎት አባቴ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ሐኪሙን አልወቅስም። ዳገት እንደሚያቆመው ማን ነገረው? እኔ ነበርኩ ያየሁት። አጠገቡ ቆሜ፣ ነጠላዬን ይዤ፣ ዝም አልኩ። ወይራው ጋ የሚሆነው የበሽታ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። በሽታ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ የሚታይ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ዘወር ብዬ አየሁት። ገብሱን አያይም ነበር። ዓይኖቹን ጨፍኗል፣ ሁለቱን እጆቹን ዱላው ላይ አነባብሯል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ። አሁን እያሰብኩ ነው፤ ትንፋሹን እየቆጠረ ይሆን?

ስልኩ ደግሞ ጠራ። ሴሏን ለመቀየር ፈቃዴን ፈልጎ ነው፤ አዲሷ ከመግባቷ በፊት ሙሌቷ ከሌሎቹ እኩል መሆን አለበት ብሎኝ ነበር። ነገ እደውልለታለሁ።

ትናንት ማታ እማዬን ጠየቅኋት። «አባዬ ወይራው ጋ ለምን ነበር የሚቆመው?» ከደብረ ሲና ያመጣሁትን ቆሎ ገለባውን እፍ እያለች፣ ቀና ሳትል፣ «ገብሱን ሊያይ ነዋ» አለችኝ።

ጥር ጊዮርጊስ ዕለት ግን አጨዳው አልቆ ማሳው ባዶ ነበር። ያን ቀንም ቆሟል። እማዬ ከኋላ ነበረች፤ እሷስ ምን እያየ መስሏት ነበር?