ጁላይ 4ን ከኤልሳቤጥ ፍሪማን ጋር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአሜሪካ የነጻነት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በሌላ አገር ሆናችሁ የምታነቡኝም የደስታችን ተካፋዮች ሁኑልን።

በዚህ ቀን የመሥራቾቹ ስም ይነሣል፤ መነሣትም ይገባዋል። ቶማስ ጄፈርሰን የነጻነት መግለጫውን ሲያረቅቅ ገና 33 ዓመቱ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ጦርነቱን ካሸነፈ በኋላ በዲሴምበር 1783 አናፖሊስ ድረስ ሄዶ የጦር አዛዥነቱን ለጉባኤው፣ ማለትም ለያኔው ኮንግረስ፣ አስረክቦ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሠራዊት በእጁ ያለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሥልጣን ሲለቅ ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዘንድሮ ልቤ ያደረው ግን ከአንዲት ሴት ዘንድ ነው።

በማሳቹሴትስ፣ ሼፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጆን አሽሊ የተባለ ባለጸጋ ይኖር ነበር። በ1773 መጀመሪያ የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች በእሱ ቤት ተሰብስበው፣ የሰው ልጆች በተፈጥሯቸው እኩልና ነጻ ናቸው የሚል የአቋም መግለጫ አዘጋጁ። የነጻነት መግለጫው ፊላዴልፊያ ላይ ሊወጣ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። በዚያው ቤት አንዲት ጥቁር ሴት በባርነት ታገለግል ነበር። ማንበብም መጻፍም አታውቅም፤ የሚባለውን ግን ትሰማለች። በ1780 ማሳቹሴትስ የራሷን ሕገ መንግሥት አጸደቀች። ዋነኛ አርቃቂው ጆን አዳምስ ነበር፤ የመጀመሪያው አንቀጽም ሰዎች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው ይወለዳሉ ይላል። ሴትየዋ ይህ ቃል እኔንም ይጨምራል ብላ ተነሣች። ቴዎዶር ሴጅዊክ የተባለ ጠበቃ ዘንድ ሄደች፤ እሱም በ1773 በአሽሊ ቤት ያንን መግለጫ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። በ1781 ብሮም ከሚባል ሌላ ባሪያ ጋር በጌታዋ ላይ የመሠረቱት ክስ ግሬት ባሪንግተን ላይ ታየ። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው ለፍርድ የተቀመጡት ሰዎች፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው ሲል ፈረደ፤ 30 ሽልንግ ካሳም እንዲከፈላቸው ወሰነ። አሽሊ በደመወዝ እንድትመለስለት ለመናት፤ እሺ አላለችም። ከዚያ በኋላ ራሷን ኤልሳቤጥ ፍሪማን አለች።

የዚህን መንግሥት መሠረት ሳስብ ከአርቃቂዎቹ ሁሉ እሷ ትቀድምብኛለች። የጻፉትን ቃል ከእነሱ አብልጣ ያመነችበት እሷ ናትና። ጄፈርሰን የባሪያ ንግድን ያወገዘበትን ክፍል ጉባኤው ከረቂቁ አውጥቶታል፤ እሱ ራሱም ባለ ባሪያ ነበር። የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የክፍለ አገራቱ የምክር ቤት መቀመጫ ሲሰላ አምስት ባሮችን እንደ ሦስት ሰው ቆጠረ፤ ኮንግረስም እስከ 1808 የባሪያ ንግዱን እንዳያግድ ከለከለ። ይህን በበዓል ቀን ማንሣት በዓሉን ማጉደፍ አይመስለኝም። እነዚያው ሰዎች ሕጋቸው የሚታረምበትን መንገድ በዚያው ሰነድ ውስጥ አስቀምጠዋል፤ እስከ ዛሬም 27 ማሻሻያዎች ተደርገውበታል። ከእነዚህ መካከል በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከባርነት ለወጡት ሰዎች ዜግነት ዋስትና እንዲሆን የተደነገገ ነው። እዚህ የወለድናቸው ልጆቻችን ዜጋ ለመሆን የማንንም ችሮታ ሳይጠብቁ መኖራቸው የዚያ ትግል ፍሬ ነው። በእጃችን ያለው ነገር ማን እንደከፈለበት ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

ለዜግነት ፈተና የምታጠኑ ወገኖቼ፣ በርቱ፣ ይቅናችሁ። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ርችቱ እስኪጀመር ድረስ ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። በማሳቹሴትስና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ የአሽሊ ቤት እስከ ዛሬ ሼፊልድ ውስጥ ቆሟል። ኤልሳቤጥ በ1829 አርፋ የተቀበረችው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በስቶክብሪጅ፣ በሴጅዊክ ቤተሰብ መካነ መቃብር ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

መልካም በዓል!