የቀትር ሙቀት ያሳየኝ ሥራ

«ህልምሽ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሁሉ ለዓመታት የምሰጠው መልስ የቤተሰቤ ነበር። አያቴ ሸሚኖ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ነበር። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናትና እንደኛ ባለ የምድር ባቡር ቤት ውስጥ የወር ደመወዝ ትልቅ ክብር አለው። ሒሳብ አያያዝ ተማርኩ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ተቀጠርኩ፣ ሁሉም ደስ አለው። እኔም ሥራውን አልጠላሁትም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ህልሙን ለመፈለግ መጀመሪያ መማረር ያለበት ስለሚመስለው ነው። ደህና ሥራ ይዞም ልብ ሌላ ቦታ ሊውል ይችላል።

መሆን የምፈልገውን ከማሰላሰል ይልቅ ማንም ሳያዘኝና ሳይከፍለኝ የምሠራውን ማየት ስጀምር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ማታ ማታ በደብተር እጽፈው ነበር። ደጋግሞ የመጣው ጨርቅ ነው። ሰርግ ቤት ሄጄ የሙሽራዋን ሚዜዎች እጅጌ አገጣጠም ሳይ አመሻለሁ። ታይዋን ገበያ የምገባው ለሌላ ጉዳይ ሆኖ ጣቃ ስዳስስ ይመሻል። የባልደረቦቼን ቀሚስ የማጠብበው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ቁርጡ የታወቀኝ በበጋ ቀትር ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሙቀቷን የኖረባት ያውቀዋል። መሥሪያ ቤት ያለን ሴቶች ገበር ያለው የፖሊስተር ጉርድና ኮት ለብሰን እንቀልጣለን፤ ቤት እንደገባን ግን ሁላችንም ሽቲ በምንለው ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ውስጥ ነን። ሽቲ የሚያቀዘቅዘው በምትሃት አይደለም። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ቅዱ ሰፊ ስለሆነ አየር ይዘዋወርበታል። ፖሊስተር ላቡን አይመጥም፣ ገበሩ ደግሞ ሁለተኛ ግድግዳ ይሆናል። ታዲያ የሽቲን ቅዝቃዜ ይዞ ስብሰባ የሚገባ ልብስ ለምን የለንም? ይህ ጥያቄ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው የኔ መሆኑን ያወቅኩት።

ግን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ መቻል ሌላ። ደመወዜን ሳልለቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረር መሄድ ጀመርኩ። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲጨርስ አየሩ ይለወጣል፤ በሃሮማያና በአወዳይ አልፎ ጀጎል ያደርሳል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው መንገድ፣ መኪና ግርግር በሚባለው፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ደጅ ላይ ይሰፋሉ። ገዢው ጨርቁን ከሱቅ ያወጣል፣ እዚያው ልኩን ያስወስዳል። እጅ በዓይን የሚሰረቅበት እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ አላውቅም። እዚያ ለረጅም ዘመን የሰፋ አንድ አባት ለመንኩ።

«አባ፣ ቅድ አስተምረኝ» አልኩ። በእኛ በድሬ ለአባትም አንተ ነው፤ ፍቅር እንጂ ድፍረት አይደለም።

«መቀስ አልሰጥሽም፣ ልጄ። መጀመሪያ ይቺን ተርትሪ» ብሎ አሮጌ ኮት አቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቅዳሜ ሥራዬ መተርተር ብቻ ሆነ። ክር እየመዘዝኩ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ገበሩን ለየሁ። ኮት ተበትኖ ጠፍጣፋ ሲሆን ሰፊው ምን እንዳሰበ ይታያል፤ ብብቱ ላይ ስንት ጣት እንደተወ፣ ትከሻው ላይ የት እንደሳበ። እዚያው ራሴን መረመርኩ። ሥራው አድካሚ ነው፣ ጀርባ ይቆርጣል፣ የሚያመሰግንሽም የለም። እኔ ግን ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀኝም። ስለ ህልም የማምነው ትልቁ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። የማንኛውም ሥራ ጌጡ ሁሉንም ይስባል፤ አሰልቺ ክፍሉን ደጋግመሽ ስትሠሪ ካልሸሸሽው ግን ያ ሥራ ያንቺ ነው። ዘፋኝ መሆን የሚፈልግ የልምምዱን ሰዓት፣ ነጋዴ መሆን የሚፈልግ የመጋዘኑን ቆጠራ ቀምሶ ይወስን እላለሁ።

ገንዘቡን አላስረዝመውም። እቁብ ገባሁ፣ ሲደርሰኝ በእግር የሚረገጥ ያገለገለ ሲንገር ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድ አይቆምም። የሒሳብ ትምህርቴ የጠቀመኝ እዚህ ነው። ለኢድ፣ ለገና፣ ለፋሲካና በሰርግ ወራት ስፌት ይጎርፋል፤ በዚያ ገቢ የሚወስን ሰው ይታለላል። እኔ ያሰላሁት በጣም ደረቁን ወር ይዤ ነው። የዚያ ወር ገቢ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲችል ብቻ ሥራ እለቃለሁ አልኩ፤ እንዳልኩትም አደረግኩ።

እናቴ መጀመሪያ አኮረፈች። «አያትሽ የለፋው አንቺ መርፌ እንድትይዢ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። ደብተሩን ዘርግቼ የደረቁን ወር ገቢ አሳየኋትና የሰፋሁላትን የጥጥ ቀሚስ አለበስኳት። እኩለ ቀን ላይ ለብሳው ቀፊራ ገበያ ሄዳ ተመለሰች። «እማዬ፣ እንዴት ነው?» ስላት «ለእትዬም ስፊላት» አለች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የምታመጣልኝ እሷ ናት። ቤተሰብን በንግግር ከማሳመን የሚዳሰስ ነገር ማስያዝ ይሻላል፤ የኛ ሰው ሥራ አይቶ ነው የሚያምነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሴት ልጆች ይጠይቁኛልና። ህልማችሁን ለሁሉም ቶሎ አታውሩ። ሰው «ጎበዝ» ሲላችሁ ገና ያልተሠራው የተሠራ ይመስላችኋል። እኔ እስከ መጀመሪያው ሙሉ ልብስ ድረስ የነገርኩት ለአንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነው። እሷም ልብሱን ለብሳ የት እንደሚይዛት በግልጽ ስለምትነግረኝ ነው የመረጥኳት።

አሁን ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ትንሽ የስፌት ቤት አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ልብስ ቅድ ተስተካክሎልኛል፤ ከብብት በታች ሰፋ ያለ፣ ገበሩ ከደረት ያልወረደ፣ ኮሌታው ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም። ሰሞኑን የያዝኩት የነርሶች ጋዋን ነው። እሱ ይከብዳል፤ በፈላ ውሃና በበረኪና ስለሚታጠብ ስስ ጥጥ ቶሎ ያልቃል፣ ወፍራሙ ደግሞ ያሞቃል። ሁለት ጋዋን ከተለያየ ጣቃ ሰፍቼ ለአንዲት ነርስ ሰጥቻታለሁ። አዳር ተረኛ ስትሆን አንዱን፣ ቀን ስትገባ ሌላውን ለብሳ የቱ እንደተሻለ ትነግረኛለች።